ዛሬ ውሃ ማን ቀዳ?

የሽኝቴ ዕለት ዳይሬክተራችን የሻይ ብርጭቆውን በማንኪያ መታ መታ አድርጎ «ከሲስተር ዘሀራ እጅ ሳይድን የሄደ ሰው የለም!» አለ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔ ኬኩ ላይ የተጻፈውን ስሜን እያየሁ አንገቴን ደፋሁ። ትሕትና መሰላቸው። ወላሂ አልነበረም። ሳይድን የሄደ ሰው አለ። ሐሊማ ትባላለች፣ የምትኖረው ደዶ ነው፤ እኔም ዓይኗን ማየት ፈርቼ አራት ዓመት ሙሉ ደዶን አልረገጥኩም። የሚኒባስ ረዳት «ደዶ! ደዶ!» እያለ ሲጣራ እንኳ መንገድ እሻገር ነበር።

«እማ፣ ቤት ቁጭ ብለሽ ሰው ከምትቆጪ የሥራሽን ነገር ጻፊ» ያለችኝ ልጄ ፎዚያ ናት። እውነቷን ነው፣ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ አፌ አያርፍም። ደግሞ የሠራሁበት ያ ክፍል በሕልሜ ይመጣብኛል። አልጋዎቹ፣ ጭጋጉ፣ የተኙት ሰዎች። ስነቃ ጣቶቼ መካከል መርፌ ያለ ይመስለኝና ብርድ ልብሱ ላይ እፈልጋለሁ።

ተወልጄ ያደግሁት ጅሬን ነው። ነርስ ሆኜ መጀመሪያ የተመደብኩት አጋሮ ነበር፤ ሥራዬም ወባ፣ ወሊድና በቡና ለቀማ ጊዜ ከዛፍ የወደቀ ሰው። ቀጥሎ ሊሙ ገነት ሄድኩ። የሊሙው አለቃዬ የመድኃኒት ቁም ሳጥኑን ቁልፍ እንደ ሒርዝ ክታብ አንገቱ ላይ አስሮ የሚዞር ሰው ነበር። አንዲት የራስ ምታት ኪኒን ለማግኘት ሦስት ፊርማ ያስፈልጋል። «ኪኒን ዘር የለውም፣ ካለቀ አይበቅልም» ይለኛል። ያን ጊዜ እረግመው ነበር። ከእሱ የተማርኩት መቁጠር ብቻ ነው፣ እሱም በኋላ ጠቀመኝ።

ከዚያ ጅማ ወዳለ አንድ ሆስፒታል ተዛወርኩ። ስሙን አልጠራም፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የቤቱ አይደለም። እዚያ ከቻይና የመጡ ሐኪሞች ነበሩ፤ አንዷ በመርፌ የምታክም ነች። ረዳት ነርስ ሲፈለግላት ሁሉም ጀርባውን ሰጠ። «በመርፌ ወግታ ጂን ታስወጣለች» የሚልም አልጠፋ። እኔ ያን ሳምንት ፈቃድ ላይ ነበርኩና በሌለሁበት መደቡኝ። ተመልሼ ስሰማ በንዴት አለቀስኩ። በሥራ ዘመኔ ያገኘሁት ትልቁ ዕድል በእንዲህ ያለ ተንኮል ነው የመጣው።

ዶክተር ሊን አጭር፣ ጸጉሯ የሸበተ፣ ከእኔ በአሥር ዓመት የምትበልጥ ሴት ነበረች። ቡና አትጠጣም። በቡና አገር ተቀምጣ ቀኑን ሙሉ ባዶ የፈላ ውሃ በብርጭቆ ይዛ ፉት ትላለች። ሰዉ «ምስኪን፣ ሻይ ቅጠል እንኳ የሚገዛላት የለም» ብሎ አዘነላት፤ አንዲት በሽተኛ ስኳር በላስቲክ ቋጥራ አመጣችላት። ብርጭቆውን የምትይዘው እጇን ለማሞቅ መሆኑ የገባኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። በቀዝቃዛ እጅ ሰው አትነካም ነበር።

መርፌው እንደ ጸጉር የቀጠነ ነው። ከባዱ መውጋቱ አይደለም፣ ከገባ በኋላ ያለው ነው። መጀመሪያ በታጠፈ ወረቀትና በጥጥ፣ ቀጥሎ በፓፓያ፣ በመጨረሻ በራሴ ጉልበት ሥር አለማመደችኝ። በዚያች በተሰባበረች አማርኛዋ «ቆዳ ቶሎ፣ ሥጋ ቀስ» ትለኛለች። መርፌውን በሁለት ጣት ስታዞሪው የሆነ ቦታ ላይ ይያዛል፣ ዓሣ መንጠቆ ሲነካ እንደሚሰማው። በሽተኛውም እዚያው «ኡፍ፣ ከበደኝ» ይላል። ይህ ካልመጣ መልሰሽ ትፈልጊያለሽ። የገባውን ትቆጥሪያለሽ፣ የወጣውን ትቆጥሪያለሽ። አሥራ ሁለት ገብቶ አሥራ አንድ ከወጣ በሽተኛው ካልጋው አይነሳም። ያን ጊዜ የሊሙውን ሰውዬ አስታወስኩና ይቅር አልኩት።

ከመርፌው በፊት ግን የደም ሥር ምት ማዳመጥ አለ። ሦስት ጣቶቿን የበሽተኛው የእጅ አንጓ ላይ ታሳርፍና ዓይኗን ትጨፍናለች። በጣም ከመቆየቷ የተነሳ አንቀላፋች እንዴ እላለሁ። እኔንም አስነካችኝ።

«ምን ይሰማሻል?»

«ልብ ይመታል፣ ሌላ ምን ይሰማኛል!»

ሳቀች። ቡና ቀማሽ አንዱን ስኒ ከሌላው እንዴት እንደሚለይ ጠየቀችኝና «እንደዚያ ነው፣ ብዙ መቅመስ» አለችኝ። በዓመታት ውስጥ ሦስት አራቱን ዓይነት ለየሁ። ይሁን እንጂ የምሰማው የደም ሥሩን ይሁን የራሴን ሐሳብ እርግጠኛ የሆንኩበት ቀን የለም። ይህን በነገርኳት ጊዜ «እኔም አንዳንዴ ምኞቴን ነው የምሰማው» አለች። ደነገጥኩ። መምህር እንዲህ ይላል እንዴ?

ክፍላችን በኮሪደሩ መጨረሻ፣ ድሮ የተሰበረ አልጋ የሚከማችበት ነበር። መስኮቱ ወደ ጅሬን ኮረብታ ያያል። ጠዋት ጠዋት ጭጋጉ ኮረብታውን ይውጠውና መስኮቱ ነጭ ይሆናል። መርፌው በገባ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ስድስቱም አልጋ ይተኛል። ከባድ እንቅልፍ ነው፣ ሕልም ያለበት። አንዱ በኦሮምኛ በሬውን ይጠራል። አንዷ የጎመን ዋጋ ትከራከራለች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ፣ እኔ ወንበሬ ላይ ሆኜ፣ ማን እንደነቃና ማን እንደተኛ የሚጠፋኝ ጊዜ ነበር። ከተማው ውስጥ «የእንቅልፍ ክፍል» ነበር የሚሉን። ለምን እንደሚሻላቸው ግን ለራሴም ግልጽ አልነበረም። መርፌው ነው? ወይስ ሲለፋ የኖረ ሰው ለግማሽ ሰዓት ተጋድሞ፣ በሞቀ እጅ መነካቱ? ዶክተር ሊንን ስጠይቃት «ለአንዳንዱ ሕመም መርፌው እንደሚረዳ አይተናል፣ ለአንዳንዱ አላውቅም» አለች።

ይህቺ «አላውቅም» ናት ጉድ ያፈላችው። አባ ዱራ የሚባሉ በጅሬን የታወቁ የቡና ነጋዴ ነበሩ፣ ጆሮአቸው ይጮህባቸዋል። የደም ሥራቸውን ነካች፣ ምላሳቸውን አየች፣ ከዚያ «አባ፣ አላውቅም። የጆሮ ሐኪም ይይህ» አለቻቸው። ሁሉንም ሰው አንተና አንቺ ነበር የምትለው። ሽማግሌው ተነሱ።

«አላውቅም? ሐኪም አላውቅም ይላል? ከቻይና ድረስ አላውቅም ልትይኝ ነው የመጣሽው?» አሉና ከዘራቸውን እያንኳኩ ወጡ። ከስድስት ወር በኋላ በጉልበት ሕመም ተመልሰው መጡ። እኔ እየሳቅሁ «አባ፣ አላውቅም ወደምትለዋ ነው የመጡት?» ብላቸው «ሌሎቹ ሁሉ አወቅን ብለው ገንዘቤን ጨረሱት። አላውቅም ያለችኝን ነው የማምን» አሉኝ። እሳቸው ካመኑ በኋላ ጅሬን በሙሉ መጣ።

ከሁሉ የገረመኝ ልማዷ ግን ሌላ ነው። በሽተኛን አንድም ቀን «ተሻለሽ?» ብላ አትጠይቅም። «ዛሬ ውሃ ማን ቀዳ?» ትላለች። «ጆንያውን ማን አነሳ?» «ሌሊት ስንቴ ነቃህ?» አንዳንዴ እስክሪብቶዋን መሬት ትጥልና በሽተኛው ጎንበስ ብሎ ሲያነሳላት ወገቡን ታያለች። እኔ ያረጀች እጅ ነው ብዬ ስንት ጊዜ አንስቼባታለሁ! አንድ ቀን ተቆጣችኝ። ለምን በቀጥታ እንደማትጠይቅ ስጠይቃት «ሰው ለሚወደው ሐኪም ይዋሻል» አለች። ትንሽ ቆይታ «እናቴ ሁልጊዜ ተሻለኝ ትለኝ ነበር» ብላ ወደ መስኮቱ ዞረች።

ጊዜዋ ሲያልቅ ሄደች። የመርፌ ካርቶኖቿንና ያቺን የውሃ ብርጭቆ ለእኔ ተወችልኝ። ሌላ ሐኪም እስኪመጣ ክፍሉን እኔ ያዝኩ፤ ወገብና ጉልበት ብቻ፣ የሚያጠራጥር ካለ ወደ ሐኪሞቹ መላክ ነበር ትእዛዙ። ሰው ግን አልቀነሰም፣ ጨመረ። «የዘሀራ እጅ ከቻይናዋም ይበልጣል» ይሉኝ ጀመር። ማሻአላህ ይሉኛል፣ እኔም ደስ ይለኛል። ለምን እዋሻለሁ? በጣም ደስ ይለኝ ነበር።

ሐሊማ የመጣችው በዚያ ወቅት ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ቡና የምትለቅም፣ እንጨት የምትሸከም ብርቱ ሴት። ወገቤን አለች። የሸክም ሕመም ነው ብዬ አስተኛኋት። በየሳምንቱ ከደዶ በሚኒባስ ትመጣለች፤ አንድ ቀን አቮካዶ፣ አንድ ቀን ማር በጠርሙስ ይዛ።

«ሐሊማ፣ ተሻለሽ?» እላለሁ።

«አልሐምዱሊላህ! በእርስዎ እጅ ዳንኩ» ትላለች።

እኛ ዘንድ እጁን ለዘረጋልሽ ሰው አልተሻለኝም ማለት ነውር ነው። የደከመልሽን ሰው ፊት ማጥቆር ነው። ይህን እኔ የጅሬን ልጅ አጥቼው ነው? እናቴ ለሐኪሙ «ደህና ነኝ» ብላ ቤት ስትገባ ስታቃስት ሰምቼ ነው ያደግሁት። ሆኖም ጠየቅሁ፣ ያለችውን አመንኩ፣ ካርዷ ላይ «ተሽሏታል» ብዬ ጻፍኩ። ዘጠኝ ጊዜ ጻፍኩ።

ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው። እዚያ አልጋ ላይ ከሁሉም አብልጣ የምትተኛው እሷ ነበረች። ስትነሳ አንሶላው በላብ ረጥቦ አገኘዋለሁ፣ ክፍሉ ሞቆ ነው ብዬ መስኮት እከፍታለሁ። መጀመሪያ ስትመጣ መቀነቷ ወገቧን ሁለት ዙር ነበር የሚዞረው። ሦስት ዙር ሆነ። ኋላ አራት። በዓይኔ አይቻለሁ። የለቀማ ወቅት ነው፣ ሥራ በዝቶባት ከስታ ነው አልኩ። ዶክተር ሊን ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም፣ ላብና መክሳት ካለ መርፌውን አስቀምጪ ብላኝ ነበር። የራጅ ክፍሉ ከእኛ በር ሠላሳ እርምጃ አይሞላም።

አሥረኛው ሳምንት ላይ ቀረች። ዳነች ብዬ ተደሰትኩ። በአሥራ አንደኛው ባለቤቷ ከድርና ሦስት ጎረቤቶቹ በቃሬዛ ተሸክመዋት ገቡ። እግሮቿ አልታዘዝ ብለዋል። ራጁ ሲወጣ የአከርካሪ ቲቢ ነው፤ አጥንቱን በልቶታል። ሐኪሙ ፊልሙን ወደ ብርሃን ይዞ «ሁለት ወር ቀደም ብላ ብትመጣ ኖሮ...» አለ። ያን ሁለት ወር የት እንደነበረች አላወቀም። እኔ አውቃለሁ፤ እኔ ጋ ተኝታ ነበር።

መድኃኒቱን ወስዳ ነፍሷ ተረፈ፤ በሁለት ምርኩዝም ቆመች። የሥራ ባልደረቦቼ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፣ አንቺ ምን ታደርጊ?» ብለው አጽናኑኝ። ለጥቂት ቀን በዚህች ተረት ተጠለልኩ። ከዚያ ለዶክተር ሊን በስልክ ሁሉንም ጻፍኩላት። በአራተኛው ቀን አንዲት መስመር ብቻ መጣች፦ «ምን ብለሽ ጠየቅሻት?»

ከዚያ ወዲህ እስከ ጡረታዬ ድረስ ማንንም «ተሻለሽ?» ብዬ አልጠየቅሁም። የመጡትን ሁሉ ውሃ ማን እንደቀዳ እጠይቃለሁ፣ እስክሪብቶ እጥላለሁ፣ ትንሽ ከተጠራጠርኩ ወደ ራጅ እልካለሁ። ሰዉ «ዘሀራ አረጀች፣ ፈሪ ሆነች» አለኝ። ይበሉ።

አሁን ዘመኑ ተቀይሯል። መንደራ ቆጪ ሰፈር ውስጥ ከባጃጅ ማቆሚያው ፊት ለፊት የቻይና ፕላስተር የሚሸጥ ሱቅ አለ፤ የማይፈውሰው በሽታ የለም ይላል። ወጣቶቹ በስልክ ቪዲዮ አይተው እርስ በርስ ይወጋጋሉ። ጎረቤቴ ሳይቀር «ሲስተር፣ ቤትሽ ሆነሽ ብትሠሪ እኮ» ትለኛለች። መርፌ የለኝም እላታለሁ። አለኝ፣ ያቺ ብርጭቆም አለች።

እንግዲህ በሽኝቴ ዕለት ያ ጭብጨባ ነው ያሳመመኝ። የጡረታ ወረቀቱ ሲያመላልሰኝ ሦስት ሳምንት አለፈ። ባለቀ ማግስት ረዳቱ «ደዶ! ደዶ!» ሲል መንገድ አልተሻገርኩም፤ ገባሁ።

የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ ቡናው አብቦ ነበር። ከመኪና ወርጄ በእግሬ ስሄድ ግራ ቀኙ ነጭ ነው፣ ሽታው ራስ ያዞራል። ጭጋጉ ገና አልተነሳም። የክፍላችን መስኮት ውስጥ ገብቼ የምሄድ መሰለኝ፤ ብዙ ጊዜ ያየሁት ሕልም ነውና ልነቃ ነው ብዬ ፈራሁ።

ሐሊማ ደጇ ላይ ሰፌድ ጭኗ ላይ አድርጋ ቡና ትለቅማለች። ምርኩዞቿ በሩ ላይ ተደግፈዋል።

«ያ ረቢ! ሲስተር! አካም ጅርቱ!» ብላ በኦሮምኛ ደህንነቴን እየጠየቀች ልትነሳ ሞከረች። ሮጬ ትከሻዋን ይዤ አስቀመጥኳት።

«እንዴት ነሽ ሐሊማ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ በጣም ደህና ነኝ!»

ያው ፈገግታ፣ ያው ቃል። ወተት ጠጥቼ፣ ተመራርቀን፣ ቀልሎኝ መመለስ እችል ነበር። ልቤም ያንን ፈልጎ ነበር። አጠገቧ ቁጭ አልኩ።

«ሐሊማ፣ ዛሬ ውሃ ማን ቀዳ?»

እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ።

«ከድር ነው» አለች ቀስ ብላ። «ወንዝ ሲወርድ ሴቶቹ ይስቁበታል። እሱ ግን ምንም አይልም።» አንዲት ፍሬ አንስታ ጣለች። «ሲስተር፣ አንድ ነገር ልንገርዎት? ያኔ፣ እርስዎ ጋ ስመላለስ፣ አንድም ቀን አልተሻለኝም ነበር። እዚያ የምመጣው ለእንቅልፉ ነበር። ቤቴ ሕመሙ አያስተኛኝም።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ያን ያህል ሲለፉልኝ? ፊትዎ እንዴት ይጠቁር?»

እኔም የቋጠርኩትን አወጣሁት። «ሐሊማ፣ መቀነትሽ ከሁለት ዙር አራት ሲሆን አይቻለሁ።»

ቀና አለች። «አይተዋል?»

«አይቻለሁ።»

«አይተው ዝም አሉ? እኔስ እርስዎ እንዳይከፋዎት ነው። እርስዎ ለምን?»

«ጎበዝ ናት መባሉን ወድጄው ነበር» አልኳት። አማርኛ ሁሉ ካፌ ጠፍቶ የቀረችኝ ይህቺ ብቻ ነበረች። አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም። ቡናዋን እያነሳች ጥቁሩን መጣል ቀጠለች።

«እንግዲያው ዛሬ ልቀየምዎት» አለች።

«ተቀየሚኝ።»

«ተቀይሜያለሁ። ወተቱን ይጠጡ።»

ወተቱ ትኩስ ነበር። ብርጭቆውን በሁለት እጄ ይዤ ተቀመጥኩ። ፀሐይ ወጥታ ጭጋጉ ከቡናው ላይ ተነሳ። ልሰናበት ስነሳ ቀሚሴን ያዘችኝ።

«ሲስተር፣ እዚህ ጋ ያመኛል» አለች፣ ከድሮው ዝቅ ያለ ቦታ እያሳየችኝ። «ሁለት ወር ሆነው። ለከድርም አልነገርኩ።»

እጄ ሞቆ ነበር። ሦስት ጣቶቼን አንጓዋ ላይ አሳረፍኩ፣ ወገቧን ዳሰስኩ፣ ሌሊት ስንቴ እንደምትነቃ ጠየቅሁ። ሁሉንም ነገረችኝ፣ ሳትቆጥብ።

«ምንድን ነው?» አለች።

«አላውቅም» አልኩ። «ነገ አብረን ሄደን ራጅ ትነሻለሽ።»

«እሺ» አለች።

እዚያው አደርኩ። ጠዋት ከድር ውሃውን ቀድቶ እስከ መኪናው ሸኘን። ሐሊማ ከጎኔ ተቀመጠች፤ ምርኩዞቿን እኔ ያዝኩ። ሚኒባሱ ጉድጓድ ላይ በዘለለ ቁጥር «ኡፍ፣ አመመኝ!» ብላ ትጮሃለች፣ እኔም የቱ ጋ እንደሆነ እጠይቃታለሁ።